ሦስት ጊዜ ተጠግኖ ያልዳነው የጋዝ ቦይለር፦ የጉዳይ ጥናት ከጎንደር

ለምን ጻፍኩት

ሥራዬ የቧንቧና የሳኒተሪ ጥገና ነው። ጎንደር ውስጥ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የምጠራው ለኤሌክትሪክ ቦይለር ነው። የእሱ ብልሽት የታወቀ ነው፤ ወይ ሬዚስታንሱ ተቃጥሏል፣ ወይ ቴርሞስታቱ ሄዷል፣ ወይ በርሜሉ ዝጎ ያፈስሳል። አሁን አሁን ግን በምዞርባቸው ቤቶች መብራት ሲጠፋም የሚሠራውን የጋዝ ቦይለር እያገኘሁ ነው። ጥሩ ዕቃ ነው። ጠባዩን ሳያውቁ ሲነካኩት ግን ሰው ይገድላል።

ባለፈው ጥር አንድ ቤት ያየሁት ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ቦይለሩ ሦስት ጊዜ ተጠግኗል። ሦስቱም ጥገናዎች ችግሩን አልነኩትም። ሁለቱ ደግሞ ቤተሰቡን ለአደጋ አጋልጠዋል። የሰው ስም አልጠቅስም። ሰፈሩንም ማራኪ አካባቢ ብዬ ልለፈው።

ቤቱና ዕቃው

የቤቱ እመቤት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። አብራቸው የምትኖረው ዩኒቨርሲቲ የምትማር ሴት ልጃቸው ናት። ውጭ የሚኖረው ወንድ ልጅ መብራት እየጠፋ እናቱ በቀዝቃዛ ውሃ እንዳይታጠቡ ብሎ ቦይለሩን ገዝቶ ላከ። በደቂቃ 6 ሊትር የሚያሞቅ፣ 12 ኪሎዋት ገደማ ጉልበት ያለው፣ ውሃ የማያጠራቅም ዓይነት ነው።

ባኞ ቤቱ ከዋናው ቤት ጋር ተቀጥሎ በኋላ የተሠራ ነው። ወርዱ 1 ሜትር ተኩል፣ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ከፍታው 2 ሜትር ተኩል። መስኮት የለውም። ቦይለሩ የተሰቀለው እዚያው ውስጥ፣ ከሻወሩ ጎን ነው። ውጭ በብረት ማቆሚያ ላይ 1,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ አለ። ሰፈሩ ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው፤ ያኔ በሳምንት አንድ ቀን ነበር። በዚያ ቀን ሮቶው ይሞላል፣ ሳምንቱን ሙሉ ከሱ ይቀዳል።

ይህ ቦይለር እንዴት እንደሚሠራ ካላወቅን የሚቀጥለው ነገር አይገባንም። ሙቅ ውሃውን ስንከፍት በውስጡ የሚያልፈው ውሃ ሜምብሬን የሚባለውን ክብ ላስቲክ ይገፋል። ላስቲኩ አንዲት ትንሽ ማብሪያ ይጫናል። ያኔ ሁለቱ ትልልቅ የባትሪ ድንጋዮች ብልጭታ ይፈጥራሉ፣ የጋዙ ቫልቭ ይከፈታል፣ እሳት ይያዛል። እሳቱ ካልተያዘ ቫልቩ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ራሱ ይዘጋል። እንግዲህ የሁሉም ነገር መነሻ የውሃው ግፊት ነው። ውሃው ላስቲኩን መግፋት ካቃተው ጋዙ ቢሞላም፣ ድንጋዩ አዲስ ቢሆንም ምንም አይነሳም።

ከእኔ በፊት የተሞከረው

ቅሬታው ሁለት ነበር። አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይነሳም። ሲነሳ ደግሞ አምስት ስድስት ደቂቃ ሠርቶ ድርግም ይላል። እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ሁሉም ሰው ግን እንደ አንድ ችግር ነበር የያዛቸው።

መጀመሪያ የባትሪ ድንጋይ ተቀየረ። በዚያው ቀን ውሃ መጥቶ ስለነበር ቦይለሩ ሠራ። «ድንጋዩ ነበር» ተባለ። ከቀናት በኋላ ሲያስቸግር እንደገና ድንጋይ ተገዛ። ቤት ውስጥ ከስምንት የማያንሱ፣ ገና ያላለቁ ድንጋዮች ተጠራቅመው አይቻለሁ።

ቀጥሎ «ጋዙ ደካማ ነው» ተብሎ የጋዙን ግፊት የሚመጥነው የሲሊንደሩ ሬጉሌተር ተቀየረ። የተገዛው ሬጉሌተር ምግብ ቤቶች ለትልቅ ምድጃ የሚጠቀሙበት፣ ከፍተኛ ግፊት የሚለቀው ዓይነት ነው። ቦይለሩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ግን 2,800 ፓስካል ይላል። ይህ ተራው የቤት ምድጃ ሬጉሌተር የሚሰጠው ግፊት ነው። እሳቱ ከዚያ በኋላ ትልቅ ሆነ፣ ቢጫም ሆነ። ቤተሰቡ «አሁን በረታ» ብሎ ተደሰተ።

ሦስተኛው አንድ ወጣት ባለሙያ ነው። የተጠራው ከደቂቃዎች በኋላ ለሚጠፋው እሳት ነበር። እሱ የሠራውን ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ከሱ በኋላ እሳቱ በመሀል መጥፋቱን አቆመ። አለመነሳቱ ግን ብሶበት ቀጠለ። እኔ የተጠራሁት ለዚህ ነው፤ ጥምቀት ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው። ከአዲስ አበባ እንግዶች ይጠበቁ ነበር።

«መቼ» ብሎ መጠየቅ

እንደገባሁ ምን እንደሚሆን ሳይሆን መቼ እንደሚሆን ጠየቅኩ። እናት እንዲህ አሉኝ፦

«ውሃ በመጣ ሰሞን ደህና ነው፣ ልጄ። ሊያልቅ ሲል ነው እምቢ የሚለው። ይኸን ለሁሉም ነግሬያለሁ። የሰማኝ የለም።»

ከዚያ ቤት የተነገረኝ ትልቁ መረጃ ይህ ነው። መሣሪያ ሳልፈታ ግማሹን መልስ አገኘሁ። ሮቶው ሙሉ ሲሆን የሚሠራ፣ ሲጎድል የሚያቆም ቦይለር ችግሩ ከድንጋይም ከጋዝም አይደለም። ከውሃ ግፊት ነው።

ሜትር አውጥቼ ለካሁ። የሮቶው ወለል ከሻወሩ ራስ 1 ሜትር ተኩል ብቻ ነው ከፍ የሚለው። ሲሞላ በውስጡ ያለው ውሃ ሌላ 1 ሜትር ይጨምራል። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ግፊት ይሰጣል። ስለዚህ ሮቶው ሙሉ ሲሆን 0.25 ባር፣ ሊያልቅ ሲል 0.15 ባር ነው ያለው። ቦይለሩ ላይ የተጻፈው ዝቅተኛ ግፊት 0.2 ባር ነው። ሮቶው ግማሽ ላይ ሲደርስ ልኩ እዚያ ነው። ከግማሽ በታች ቦይለሩ መነሳት አይችልም። እናት ያሉት ነገር በቁጥር ሲለካ አልተዛነፈም።

ክዳኑን ስከፍት ያየሁት

ማጣሪያውንና ሜምብሬኑን ለማየት የፊት ክዳኑን በካቻቢቴ ፈታሁ። መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው። የውስጡ ላሜራ ጥላሸት ለብሷል። ከቦይለሩ በላይ ያለው ጣሪያም ጠቁሯል። ጋዝ በደንብ ሲነድ ሰማያዊ ነው፤ ጥላሸት የለውም። ጥላሸት ካለ ወይ ጋዙ በዝቷል ወይ አየሩ አንሷል። እዚህ ቤት ሁለቱም ነበሩ።

ከዚያ ላይኛው ጫፍ ላይ፣ የተቃጠለው አየር በሚወጣበት አፍ አጠገብ፣ ሁለት ሽቦዎች ተጠማዝዘው በናስትሮ ተጠቅልለው አየሁ። ለአፍታ እጄ ቆመ። እዚያ ቦታ ላይ የሳንቲም ስፋት ያላት የሙቀት ጠቋሚ ነበረች። ሥራዋ አንድ ነው። የተቃጠለው አየር ወደ ውጭ መውጣት አቅቶት ወደ ክፍሉ ሲመለስ እሷ ትግላለች፤ ስትግል እሳቱን ታጠፋለች። በአምስት ስድስት ደቂቃ ድርግም የሚለው ለዚህ ነበር። የጭስ ማውጫ ቱቦው አልተገጠመም። በኋላ ስንፈልገው ዕቃ ቤት፣ ካርቶኑ ውስጥ ሳይነካ ተቀምጧል። ቦይለሩ በየቀኑ «አየር የለም፣ አቁሙ» ሲል ነበር። ወጣቱ ባለሙያ ጠቋሚዋን ነቅሎ ሽቦዎቹን አገናኛቸው። ቦይለሩ ዝም አለ።

ወደ ልጅቷ ዞሬ «ከታጠብሽ በኋላ ራስሽን ያምሽ ነበር?» አልኳት። ከእናቷ ጋር ተያዩ።

«አዎ ጋሼ። ያዞረኛል፣ ያቅለሸልሸኛል። አንዴ በሩ ላይ ልወድቅ ነበር። ምች ነው ብለን ነው እኮ።»

እናት ዳማከሴ እያሹ ሲያጠጧት ከርመዋል። አልፈርድባቸውም። ታጥቦ ወደ ፀሐይ የወጣ ሰው ራሱን ሲያመው ሁላችንም ቤት መጀመሪያ የሚነሳው ስም ምች ነው። ደጅ ስትቀመጥ ስለሚተዋት ዳማከሴው የሠራ መስሏቸዋል። ያሻላት ንጹሕ አየሩ ነበር።

ነገሩን በቁጥር ልግለጸው። በዚህ ጉልበት የሚሠራ ቦይለር በ10 ደቂቃ 150 ግራም ገደማ ጋዝ ያነዳል። 1 ኪሎ ጋዝ ተቃጥሎ ለማለቅ በባሕር ጠለል ላይ 12 ሜትር ኪዩብ ያህል አየር ይፈልጋል። ጎንደር ግን ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሳስቷል፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ያለው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ እዚህ 15 ሜትር ኪዩብ እንበል። ለ10 ደቂቃ ሻወር ከ2 ሜትር ኪዩብ በላይ አየር ይበላል ማለት ነው። ባኞ ቤቱ በጠቅላላው የሚይዘው 7 ሜትር ኪዩብ ተኩል ነው። ወደ ሲሶው ሊጠጋ ነው። በሩ ተዘግቶ፣ የተቃጠለው አየር ተመልሶ እዚያው ገብቶ፣ እሳቱ አየር ሲያጥረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጠራል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ከደማችን ጋር ከኦክስጅን 200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል።

የመጀመሪያው እርምጃ

«ከዛሬ ጀምሮ አይነካም» አልኩ። እናት አልተቀበሉኝም።

«እንግዳ ሊመጣብኝ ነው። ከጥምቀት በኋላ ብትሠራው ምናለበት?»

«እትዬ፣ ባኞ ቤት ከሰል አቀጣጥለው፣ በሩን ዘግተው ልጅዎን ያስገባሉ?»

«ምን ነካህ! እንዴት ተደርጎ!»

«ይሄም ያው ከሰል ነው። የሚገድለው ነገር አንድ ነው።»

ዝም አሉ። ከዚያ ራሳቸው ሄደው ሲሊንደሩን ዘጉ። ካርቦን ሞኖክሳይድን በስሙ ለማስረዳት ብዙ ደክሜ አውቃለሁ። የከሰል ጭስን ግን የማያውቅ የጎንደር ሰው የለም። ልጅቷ በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄዳ የሆነውን እንድትናገር አደረግን።

ውሃውን መከታተል፤ የተሳካውና ያልተሳካው

የውሃውን ፍጥነት የለካሁት በ5 ሊትር ጀሪካንና በስልኬ ሰዓት ነው። ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። ለእንዲህ ዓይነቱ ቦይለር በደቂቃ ቢያንስ 2 ሊትር ተኩል መፍሰስ አለበት፤ ጀሪካኑ በ2 ደቂቃ መሙላት አለበት ማለት ነው። ሮቶው ግማሽ ላይ ሆኖ ስለካው 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ፈጀ።

ማጣሪያው የሚገኘው ቀዝቃዛው ውሃ ወደ ቦይለሩ በሚገባበት ጫፍ ላይ ነው። ስፈታው በደለል ተደፍኗል። ከሳምንት በኋላ የሚመጣ ውሃ መጀመሪያ ላይ ደፍርሶ እንደሚመጣ እናውቃለን። ያ ሁሉ እዚህች ወንፊት ላይ ይቀመጣል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጸዳሁት፤ የሻወሩንም ራስ እንዲሁ። ጀሪካኑ በ2 ደቂቃ ሞላ። ልኩ ላይ ደረሰ፣ ግን ገና አፋፍ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ። ሜምብሬኑ ተቀዷል ብዬ ገምቼ ግማሽ ቀን የውሃውን ክፍል ስፈታታ ዋልኩ። ደህና ነበር። ቀጥሎ ቀጭኑን ቧንቧ በወፍራም ቀየርኩ። ደንበኛዬ ገንዘብ አወጡ፣ እኔ ደከምኩ፣ ያተረፍነው 10 ሰከንድ ብቻ ሆነ። ለከፍታ እጦት ቧንቧ ማወፈር መፍትሔ አይደለም። ቁጥሩን ቀድሜ ካወቅኩ ወዲያው ወደ ሮቶው መሄድ ነበረብኝ።

ፓምፕ እንግጠም የሚል ሐሳብም ተነስቶ ነበር። እኔ ተቃወምኩ። ቦይለሩ የተገዛው መብራት ሲጠፋ እንዲሠራ ነው። ፓምፑ መብራት ከፈለገ የልጁ ድካም ከንቱ ሆነ። ስለዚህ ሮቶውን 2 ሜትር ከፍ ለማድረግ ወሰንን። 1,000 ሊትር ውሃ 1 ቶን ነው። የቀድሞው ማቆሚያ ላይ እግር ቀጥሎ ማስረዘም አይቻልም። አዲስ ማቆሚያ በወፍራም ብረት ተበየደ፣ እግሮቹ በኮንክሪት ተያዙ። ወጣቱን ባለሙያ ለዚህ ሥራ የጠራሁት እኔ ነኝ። ብየዳ ይችላል። ሽቦዎቹን አሳየሁት። «እሳቱ ይጠፋል አሉኝ፣ እንዳይጠፋ አደረግኩ» አለኝ። ለምን እንደሚጠፋ ሳስረዳው ፊቱ ተለዋወጠ። ሌላ ሁለት ቤት እንዲሁ እንዳደረገ ነገረኝና በዚያው ቀን ማታ ሄዶ ጋዛቸውን ዘጋ። ያን ልጅ አከብረዋለሁ።

ሮቶው ከፍ ካለ በኋላ፣ ግማሽ ላይ ሆኖ ጀሪካኑ በ1 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ሞላ።

ቦይለሩን ከባኞ ቤት ማውጣት

ባኞ ቤቱ ላይ ቀዳዳ ማውጣት ይበቃል ያለ ነበር። አልተስማማሁም። እንዲህ ጠባብ ክፍል ውስጥ የጋዝ ቦይለር ቦታ የለውም። በበረንዳው በኩል፣ መስኮት በሌለበት የውጭ ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። ሙቅ ውሃው ግድግዳውን አልፎ ይገባል። ጭስ ማውጫ ቱቦውም ከካርቶኑ ወጥቶ ተገጠመ። ሬጉሌተሩ በትክክለኛው ተቀየረ። ሲሊንደሩም ውጭ ወጣ፤ የጋዙ ክብደት ከአየር ስለሚበልጥ ቢያፈስ ወለል ላይ ይተኛል፣ ስለዚህ ከፍሳሽ ጉድጓድ አፍ አራቅነው። ሁሉንም መጋጠሚያ በሳሙና አረፋ ፈተሽኩ። አንዱ ፋሼታ፣ የጋዙን ጎማ የሚያስረው ቀለበት፣ ላልቶ አረፋው ተነፋ። አጠበቅኩት። ክብሪት ጭሮ የሚፈትሽ ሰው አሁንም አለ፤ እባካችሁ ተዉት።

ነፋሱን ግን አልቆጠርኩትም ነበር። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ እሳቱን እየገፋ አጠፋው። ከነፋስና ከዝናብ የሚከልል የሦስት ጎን ላሜራ ሠራንለት፤ ከታችና ከላይ ክፍት ነው። አንድ ዘመድ ሌባ እንዳይወስደው በቁልፍ የሚዘጋ የብረት ሳጥን ይሁን አሉ። ሳጥን ከሆነ ያው አየር ማፈን ነው። በወንፊት ብረት በር ተስማማን።

ከሁሉም ያስቸገረን ጠቋሚዋ ናት። ጎንደር ላይ ፈልገን አጣናት። ያለሷ አልገጥምም አልኩ። ውጭ የሚኖረው ልጃቸው ከሚመጣ ሰው ጋር ላካት፤ አንድ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያም ጨመረበት። እስኪደርስ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ስለዚህ ለጥምቀት አልደረስንም። እንግዶቹ በትልቅ ድስት በተሞቀ ውሃ በባልዲ ታጠቡ። እናት ትንሽ ተከፉብኝ።

ሌላ ቤት ላይ የሚሠራው

አንድ ቦይለር ሲያስቸግር አሁን የምሄድበት መንገድ ውሃ፣ ቀጥሎ ብልጭታ፣ ቀጥሎ ጋዝ፣ ቀጥሎ እሳት ነው። ውሃ ሲከፈት የጭረት ድምፅ ከሌለ ውሃው ላስቲኩን አልገፋም ወይም ድንጋዩ ሞቷል። በጀሪካን ይለያል። ድምፁ ካለና እሳት ካልያዘ ጋዙ ይታያል፤ ተከፍቷል ወይ፣ ሲሊንደሩ ሊያልቅ ነው ወይ። ይህ ቦይለር በሰዓት 900 ግራም ያህል ስለሚጎትት ሊያልቅ የደረሰ ሲሊንደር ይቀዘቅዛል፣ ላብ ያወጣል፣ ጋዙ ይደክማል። ምድጃ ላይ ደህና እየሠራ ቦይለር ላይ እምቢ ሊል ይችላል። እሳቱ ይዞ ከደቂቃዎች በኋላ ከጠፋ ደግሞ አንድ ነገር ከአደጋ እየጠበቀን ነው። እሱን ከመንካት በፊት ከምን እንደሚጠብቀን ማወቅ ይቀድማል።

ሌላው በብዙ ቤት የሚያጋጥም ነገር አለ። ውሃው አንዳንዴ የሚፈላ ያህል ስለሚሞቅ ሰው ቀዝቃዛውን ይከፍትና ይቀላቅላል። ቀዝቃዛው ሲከፈት በቦይለሩ የሚያልፈው ውሃ ይቀንሳል፤ እሳቱ ይጠፋል። ሳሙና ተቀብቶ መሀል ላይ መቅረት ከዚህ ነው የሚመጣው። መፍትሔው የጋዙን ማዞሪያ ዝቅ ማድረግ እንጂ ቀዝቃዛ መጨመር አይደለም። ለእነዚያ እናት ማዞሪያው ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረግኩላቸው።

ራስ ምታቱን በተመለከተ የምጠይቀው ሁለት ጥያቄ ነው። ሕመሙ ሻወር ቤት ይጀምርና ደጅ ላይ ይተዋል ወይ? በዚያው ቤት ሁለት ሰው ያመዋል ወይ? አዎ ከተባልኩ መጀመሪያ ሲሊንደሩን እዘጋለሁ።

እስከ ሚያዝያ

በሚያዝያ ሄጄ አየሁት። እሳቱ ሰማያዊ ነው፣ ላሜራው ንጹሕ ነው። የልጅቷ ራስ ምታት አልተመለሰም። ማጣሪያውን እሷ ራሷ በየወሩ ታጸዳለች። የሮቶው ውሃ ወለሉ ላይ ሲደርስ አንዳንዴ በሁለተኛው ሙከራ ነው የሚነሳው፤ ይህን ገና አልጨረስኩትም፤ ላስቲኩ ያረጀ ይመስለኛል። ስወጣ እናት እስከ በር ሸኙኝና ጎረቤታቸው ያንኑ ዓይነት ቦይለር ባኞ ቤት ውስጥ እንደሰቀሉ ነገሩኝ። አብረን ሄድን። በሩ ተዘግቶ፣ ውስጥ ሰው እየታጠበ ነበር። እናት ከእኔ ቀድመው አንኳኩ።